ሊንከንን ያበቃው የኢሊኖይ ምክር ቤት ነው ወይስ ጥብቅናው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። አብርሃም ሊንከን ፕሬዝዳንት ከመሆኑ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ ከ1834 እስከ 1842 እ.ኤ.አ.፣ የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል እንደነበረና በዚያው ዘመን የጥብቅና ፈቃድ እንዳወጣ አንብቤአለሁ። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን እንዴት ሊያስኬድ ቻለ? ለኋላው ሥልጣኑስ ይበልጥ የጠቀመው የትኛው ነው?

ነገረፈጅ፦
የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በአብዛኛው በክረምታቸው ወራት ስለነበር፣ አባላቱ በቀረው ጊዜ የየራሳቸውን እንጀራ ይፈልጉ ነበር። ሕጉንም ቢሆን ያገኘው በፖለቲካው በር ነው። በ1834 ሲመረጥ፣ የምክር ቤት ባልደረባው ጆን ስቱዋርት የሕግ መጻሕፍት አዋሰው፤ ትምህርት ቤት ሳይገባ ብቻውን አንብቦ በ1836 ፈቃዱን አገኘ። በተከታዩ ዓመት በተዋሰው ፈረስ ስፕሪንግፊልድ ገብቶ፣ ጆሹዋ ስፒድ የተባለውን ነጋዴ የአልጋና የመኝታ ዕቃ ዋጋ ቢጠይቀው 17 ዶላር አለው። ሊንከን ያን ያህል ገንዘብ ስላልነበረው፣ ስፒድ ከሱቁ ፎቅ ላይ ያለውን የራሱን ሰፊ አልጋ አጋራው። ልብ ይበሉ፣ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ የተመረጠ የሕዝብ እንደራሴ ነበር።

አንባቢው፦
እኔ ለምክር ቤቱ አደላለሁ። በ1837 የግዛቲቱ ዋና ከተማ ከቫንዳሊያ ወደ ስፕሪንግፊልድ እንዲዛወር፣ በቁመታቸው «ረጃጅሞቹ ዘጠኝ» ከተባሉት የሳንጋሞን አውራጃ ተወካዮች ጋር ድምፅ ያሰባሰበው እርሱ ነው። እርግጥ በዚያው ጉባኤ የደገፈው የቦይና የባቡር ሐዲድ ዕቅድ፣ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ግዛቲቱን ከባድ ዕዳ ውስጥ ከቷታል። በ1840ም የግዛቱን ባንክ ለማዳን፣ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ከጓደኞቹ ጋር በመስኮት ዘሎ ወጣ፤ ነገር ግን ምልዓተ ጉባኤው ቀድሞ ተቆጥሮ ነበርና ዝላዩ ከመሳለቂያነት አላለፈም። ድርድርንም ሽንፈትንም የተማረው እዚያ ነው።

ነገረፈጅ፦
ድርድሩን ተምሯል፤ ወዳጆቹን ያፈራው ግን በተዘዋዋሪ ችሎት ነው። በጸደይና በበልግ ዳኛውና ጠበቆቹ አንድ ላይ ከአውራጃ አውራጃ እየዞሩ፣ ቀን ችሎት ላይ ይከራከራሉ፣ ማታ በአንድ ማረፊያ ቤት ተጣብበው ያድራሉ። ሊንከን የሚዞርበት፣ ስምንተኛ የተባለው የችሎት ምድብ ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ ነበር፤ በ1860 ቺካጎ ላይ ሊንከን የፓርቲው እጩ እንዲሆን ዘመቻውን የመራውም እርሱ ነው።

ከባቡር ኩባንያው ጋር የነበረውንም ነገር እጨምራለሁ። ኢሊኖይ ሴንትራልን ወክሎ በግብር ክርክር ከረታለት በኋላ፣ ኩባንያው ክፍያው በዛ ስላለ ሊንከን የራሱን ደንበኛ ከስሶ 5,000 ዶላር አስፈረደበት። ከዚያም ጥብቅናውን ቀጠለለት!

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የባሪያ አሳዳሪ ጠበቃ ሆኖ ቆሟል የሚባለውስ እውነት ነውን?

ነገረፈጅ፦
እውነት ነው። በ1847 ሮበርት ማትሰን የተባለ የኬንታኪ ሰው ወደ ኢሊኖይ አምጥቶ በእርሻው ላይ ያሠራቸውን እናትና ልጆች ለማስመለስ ሲከራከር፣ ከጠበቆቹ አንዱ ሊንከን ነበር። ጠበቃ የመጣለትን ጉዳይ ይይዛል ብለው የሚከላከሉለት አሉ፤ እኔ ግን በዚህ መልስ ልቤ አይረካም። ሊንከን ተረታ፣ እናቲቱና ልጆቿም ነጻ ወጡ።