ቅዳሜ ኦዲሽን አለብኝ፣ ምን ልዝፈን?
ሰላም ቤተሰብ፣ ጎንደር ነኝ፣ እዚህ ልጆች ተሰባስበው ኮሜዲ ሙዚቃዊ ቲያትር ሊሰሩ ነው፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የህዋ ፊልሞች ስታይል፣ በራሪ ሳህን መጥቶ ፋሲል ግንብ ላይ ያርፋል በቃ አስቡት ሃሃሃ። እኔ የማርሱን ንጉስ ነው የፈለግኩት። ችግሬ ዘፈኑ ነው፣ የምችለው ትዝታ ብቻ ነው፣ ትዝታ ደሞ ሰው ያስተክዛል እንጂ አያስቅም፣ አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ድምፁ ወጣ ያለ ስለሆነ ለህዋ ፍጡር ይሄዳል ብዬ ሞከርኩት ግን ከፍ ስል ድምፄ ይሰነጠቃል። ደሞ እነዛ ፊልሞች ላይ ቴሬሚን የሚባል ሳይነኩት የሚጫወቱት የሚያላዝን መሳሪያ አለ አይደል፣ እሱን በማሲንቆ ማስመሰል ይቻላል? ጣትን ገመዱ ላይ እያንሸራተቱ ማለቴ ነው። ቀልዱንስ ኮስተር ብዬ ልጫወተው ወይስ ላጋንነው? ጓደኛዬ ኮስተር በል ይላል፣ እኔ እንጃ። ቲያትር የሰራችሁ በናታችሁ መልሱልኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ማሲንቆ የሚችል ካለ ደሞ ኢንቦክስ።