ጎንደር ላይ ለሚሠራ የአዋቂ ግርዛት፦ ቁስሉ እንዴት ይድናል? መቼ ነው መብረር የሚቻለው?

ጥያቄ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ውጭ አገር ተወልጄ ስላደግሁ በስምንተኛው ቀን አልተገረዝኩም። የምኖርበት አገር መድን ደግሞ ሕክምና ነክ ምክንያት ከሌለ አይከፍልም። ለጥምቀት ጎንደር ስገባ ላሠራው አስቤያለሁ፤ ያለኝ ፈቃድ ሦስት ሳምንት ነው። እስከዚያ ይድናል? ከበዓሉ በፊት ይሻላል ወይስ በኋላ? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

መልስ፦ ከቀዶ ሕክምና ነርስ፣ ጎንደር

ወንድሜ፣ ሦስት ሳምንት ስፌቱ እንዲይዝ ይበቃል፤ ቁስሉ ጨርሶ እንዲድን ግን አይበቃም። ለሕፃን ቀላል የሆነው ነገር አዋቂ ላይ 6 ሳምንት ይፈልጋል። የሚቆረጠው ቆዳ ሰፊ ነው፤ የደም ሥሮቹም ትልልቅ ናቸው። በዚያ ላይ አዋቂ ሰው ሌሊት ብልቱ በቆመ ቁጥር ስፌቱ ይወጠራል። ስለዚህ ትኬትህን በቁስሉ ልክ ቁረጥ።

ከሁለቱ የምመርጥልህ ከበዓሉ በፊት ነው፤ ከመመለስህ በፊት ብዙ ቀን ይተርፍልሃልና። ምርመራውን በገባህ በማግስቱ ጀምር። ጥር 11 ቀን ግን ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ አትገባም። ስፌት ያለበት ቁስል አንድ ወር ሳይሞላው ብዙ ሰው የሚዋኝበት ውሃ ውስጥ አይነከርም። ጠበሉ ተረጭቶ ልብስህን ካራሰው ቶሎ ደረቅ ልብስ ቀይር። ከግፊያው ራቅ ብለህ ታቦቱን ከዳር ሆነህ አጅብ። ዘልዬ ካልገባሁ የምትል ከሆነ ቀዶ ጥገናውን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ከመሠራትህ በፊት ለሐኪሙ የማትደብቀው ነገር፦ ስኳር፣ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት (ዋርፋሪን፣ አስፕሪን)፣ በቤተሰብ ውስጥ ያለ ደም ያለመርጋት ችግር፣ የመድኃኒት አለርጂ። ስኳር ካልተስተካከለ ቁስሉ ይዘገያል፣ በቀላሉም ያመረቅዛል። ሲጋራም እንዲሁ ያዘገያል። የሽንት ቀዳዳው ከቦታው ዝቅ ብሎ የተፈጠረ ሰው አይገረዝም፤ ቀዳዳውን ለማስተካከል ያ ሸለፈት ያስፈልጋልና። የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ክትባት መቼ እንደወሰድክም ካርድህን ይዘህ ና።

ሥራው በአካባቢ ማደንዘዣ ነው የሚሠራው፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ትሄዳለህ። የቀረው ሁሉ አንተ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ዋናው ስጋት ደም ነው። ፋሻው ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ቢታይ አትደንግጥ። ፋሻውን አልፎ የሚንጠባጠብ ከሆነ በንጹሕ ጎዝ ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትገልጥ ቆይ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ቆመ አልቆመም እያለ በየደቂቃው ይገልጠዋል፣ የረጋውም ደም ይላቀቃል። በዚህ ካልቆመ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ብዙ ጊዜ የሚደማው ከሥር በኩል፣ ሸለፈቱን ከብልቱ ጫፍ ጋር የምታያይዘው ቀጭኗ ማሰሪያ የነበረችበት ቦታ ነው። በክር ወይም በላስቲክ ማሰር ፈጽሞ አይሞከርም። የብልቱ ጫፍ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ፋሻው አንቆታል ማለት ነው፤ ወዲያው አላልተህ ሂድ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቆይተህ ሽንት እምቢ ካለህም ወደ ሆስፒታል ሂድ።

ለዚህ ነው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ማረፊያህን ሆስፒታል አጠገብ አድርግ የምልህ። ማታ መሸት ካለ ባጃጅ እንደልብ አይገኝም፤ ቢገኝም በኮብልስቶኑ ላይ መንገጫገጩ ለስፌቱ ደግ አይደለም።

ፋሻው በሐኪሙ ትእዛዝ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳል። በደረቁ አትጎትተው፤ ከነስፌቱ ይመጣል። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተህ፣ ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረህ፣ ለብ ሲል ጎዙን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አርስበት። ራሱ ሲላቀቅ ቀስ ብለህ ፍታው። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የፈላ ውሃ አስቀድመህ በንጹሕ ዕቃ ክደን።

ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በስሱ ታጠብ፤ ሳትፈትግ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርገህ አድርቅ። ከውስጥ ሱሪ ጋር እንዳይጣበቅ ጥቂት ቫዝሊን ይበቃል። የውስጥ ሱሪው ደገፍ የሚያደርግ ይሁን። ብልቱ ወደ እምብርት አቅጣጫ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ወደ ታች ከተንጠለጠለ እብጠቱ ይብሳል። ለሳምንት ያህል እንዲህ አድርገው።

ቅቤ፣ ቅጠል፣ አመድ፣ የተፈጨ ፌጦ፣ ማንም በፍቅር ቢያመጣልህ አመስግነህ አስቀምጠው። ቴታነስና ሌላውም ተሕዋሲ ወደ ቁስል የሚገባው በዚህ ነው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም አዲሱን ሥጋ ያቃጥላሉ።

ክሩ ራሱ የሚሟሟ ዓይነት ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ተቆራርጦ ይወድቃል። ጫፉ ብቅ ሲል አትሳበው።

ጭማሪ፦ ከፋርማሲ ባለሙያ፣ ውጭ አገር ነዋሪ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ መድኃኒቱ ልጨምር።

ማደንዘዣ ተብሎ የተወጋኸው ሊዶካይን ብቻ ከሆነ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይለቃል። የመጀመሪያውን ማስታገሻ ሕመሙ ሳይጀምርህ ውሰድ። ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም እንዳይበልጥ (ክብደትህ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም ጉበትህን ካመመህ መጠኑ ይቀንሳል)። ካልበቃ፣ ኩላሊትና ጨጓራህ ደህና ከሆነ፣ ሐኪምህ ሲፈቅድ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ ጋር። ረቡዕና ዓርብን እየጾምክ አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ መዋጥ ጨጓራህን ይልጠዋል፤ ንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ ለታመመ ፈቃድ አለ። አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን ለማስታገሻነት አትውሰደው።

አሞክሲሲሊን የመሰለ አንቲባዮቲክ «ለጥንቃቄ» ብለህ ራስህ ገዝተህ አትጀምር። ንጹሕ ቁስል ያለ እሱም ይድናል። የሚታዘዝልህ ከሆነ ሐኪምህ ያዝልሃል።

ብዙ ሰው የማይነገረው ደግሞ የሌሊቱ ነገር ነው። እንቅልፍ ላይ ብልት መቆሙ ተፈጥሮ ስለሆነ አይከለከልም፣ መቀነስ ግን ይቻላል። ከመተኛትህ በፊት ሽና፤ ጉልበትህን አጥፈህ በጎንህ ተኛ። ሲያነቃህ ተነስተህ ጥቂት ተራመድ፤ የጥር ሌሊት ስለሚበርድ ጋቢ ደርብ። በረዶ በቀጥታ ቆዳው ላይ አይደረግም፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ።

ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁስሉ ቢጫ ነገር ካወጣ መግል ነው? በረራውንስ በስንተኛው ቀን ላድርገው?

መልስ፦ ከነርሷ

ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ስፌቱና የብልቱ ጫፍ ላይ የሚታየው፣ ለጠፍ ያለ ስስ ቢጫ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የመዳን ምልክት ነው፤ አትፋቀው። መግል ወፈር ይላል፣ ይፈስሳል፣ ይሸታል። የምትለየው በአካሄዱም ነው፦ እብጠቱና ሕመሙ ከ4ኛው ቀን በኋላ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ቅላቱ ወደ ብልቱ ሥር ከተስፋፋ፣ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ሂድ። ከሥር በኩል ያለው እብጠት ለሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ አያሳስብም። ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ በትንሹ ቢከፈት ከውስጥ ወደ ውጭ ሞልቶ ይድናል። ሰፊ ከሆነ ግን ቶሎ መታየት አለበት፤ እንደገና መስፋት የሚቻለው በጊዜ ከተደረሰበት ነው።

ክትትሉ በ48 ሰዓት፣ በ7ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት ነው። ሁለቱን እዚህ ታደርጋለህ፣ ሦስተኛውን እዚያ። ከ14ኛው ቀን በፊት እንድትበር አልመክርህም። ሰማይ ላይ ደም ቢጀምርህ የሚሰፋልህ የለም። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በርበሬና ሽሮ የሞላ 23 ኪሎ ሻንጣ ሌላ ሰው ያንሳልህ። ስትወጣ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ጠይቅ፦ በምን ዘዴ እንደተሠራ፣ የክሩ ዓይነት፣ የተሰጠህ መድኃኒት፣ ቀኑ። እዚያ ያለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

ግንኙነትም ሆነ በራስ እጅ መነካካት እስከ 6 ሳምንት የለም፤ የዳነ ቢመስልህም አልዳነም። ባለትዳር ከሆንክ ይህንን ከባለቤትህ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ያልጠገገ ቁስል ለኤችአይቪ ክፍት በር ነው፣ ለራስህም ለእሷም። ግርዛት ወንድ ከሴት የሚይዘውን ኤችአይቪ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ጥናቶች አሳይተዋል፤ ቀሪው አደጋ ግን ስላለ ኮንዶሙ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል።