ካርታው ላይ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» የሚባለው ተራራ የማን ነው?

ሀረጎ_ቁልቁል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያደግኩት፣ አሁን የምሠራው የመሬት አጠቃቀም ካርታ ነው። ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። የሳተላይት ምስል ታያለህ፣ መሬቱን በቀለም ትከፍላለህ። እርሻ ቢጫ፣ ደን አረንጓዴ፣ ቤት ቀይ። የማይታረስ፣ ዛፍ የሌለው፣ ቤት ያልተሠራበት ሁሉ ግራጫ ሆኖ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ይባላል። ደቡብ ወሎ ላይ ስደርስ ግራጫው በዛብኝ። ተራራ፣ ገደል፣ ሸንተረር፣ ሁሉም ግራጫ።

ባለፈው አንዱን ግራጫ ቦታ ለማጣራት አምባሰል ገጠር ወጣን። አንድ ሽማግሌ አገኘንና ካርታውን ዘረጋሁላቸው። ዞር ብለውም አላዩት። በከዘራቸው ማዶውን እያመለከቱ ይነግሩኝ ጀመር። ጫፉ ላይ ያለው ሣር ድሮ የቤት ክዳን ነበር፣ አሁን ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሆነ እንጂ ክረምት ወጥቶ እስኪታጨድ ድረስ ዛሬም ከብት አይገባበትም። ከሥሩ ያለው ገደል የንብ ነው። ዝቅ ብሎ ያለው ድንጋያማ በልግ ሲከዳ ፍየል የሚነዳበት ነው። ያቺ ለብቻዋ የቆመችው ወይራ ደግሞ ደም የተቃባ ሰው የሚታረቅባት ናት። እኔ በአንድ ቀለም የጨረስኩት ለሳቸው አራት ቦታ ነው።

ቢሮ ተመልሼ ይህን ሳነሳ «ኮድ የለውማ፣ ግራጫ አድርገውና ቀጥል» ተባልኩ። እናንተ አካባቢ እንዲህ ያለ መሬት እንዴት ነው የሚታየው? ካርታ ላይ ይግባ ወይስ እንዳለ ቢተው ይሻላል?

የመካነሰላሙ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምጠይቅህ ምስሉ በየትኛው ወር ነው የተነሳው? ጥር ላይ ከሆነ ወሎ በሙሉ ግራጫ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ። መስከረም ላይ የተነሳውን አምጣና እይ፣ ያው ተራራ አረንጓዴ ይሆንልሃል። የኛ መሬት በአንድ ፎቶ አይያዝም። መኸር አለ፣ በልግ አለ። ደጋው ላይ በበልግ ብቻ የሚኖር ቀበሌ አለ። የካቲትና መጋቢት ዝናብ ከጣለ ያ «ባዶ» ያልከው ገብስ ይሆናል፣ ካልጣለ ደግሞ ግጦሽ ሆኖ ይከርማል። የትኛውን ቀለም ትቀባዋለህ?

ሁለተኛው ነገር፣ ካርታ መሬትን ወደ ጎን ነው የሚያነበው። እኛ የምናነበው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። መጽሐፉ ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ይላል። ገበሬው በሜትር አይለካውም፣ በሚበቅለው ነው የሚያውቀው። እኔ በሠራሁበት በደቡብ ወሎው ቦረና ሰው ቤቱ ደጋ ሆኖ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ማሽላ የሚዘራበት ቁራሽ ቆላ አለው፣ ባይኖረው እንኳ ቆላ ወዳጅ አለው። ካርታህ ላይ ሁለቱ መሬቶች የማይተዋወቁ ሁለት ወረቀቶች ናቸው። ለሰውየው አንድ ቤት ናቸው።

እናንተ የደሴ ልጆችም ብትሆኑ ኮምቦልቻ ለመሄድ የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ «ቆላ ወረድን» ነው የምትሉት። የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም እኮ፣ ግን ጃኬት ይወልቃል።

እመ_አህመድ፦

እኔ ከሐይቅ ነኝ። የሽማግሌው ነገር ደስ ይላል፣ ግን ልጄ፣ ሴት ጠይቀሃል? አባወራው ስለ ከብትና ስለ ድንበር ይነግርሃል። ውኃው በየትኛው ወር የቱ ጋ እንደሚደርቅ፣ የሚለቀም እንጨት የቱ ገደል ሥር እንደሚገኝ፣ ለምጣድና ለሸክላ የሚሆነው አፈር ከየት እንደሚቆፈር የምታውቀው ሴቷ ናት። እናቴ ለምጣዷ አፈር የምታመጣባት ጉድጓድ ነበረች፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ጅብ የቆፈራት ነው የምትመስለው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቃታል፣ ወረቀት ግን አያውቃትም።

የወይራዋ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ዛፍ ሥር ወዳጃ፣ ማለት የጸሎት ጉባኤ፣ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። ክርስቲያኑም አድባር ብሎ ያከብረዋል። ወሎ ውስጥ ወዳለው ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚሄደው ሰው ቦታውን የሚያየው እንደ ተራ ኮረብታ አይደለም፣ ሲቃረብ ጫማውን የሚያወልቅም አለ። የኛንም ሐይቅ እይ። እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፣ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተገናኘ፣ አሁን በእግር ይገባል። ሴት ግን ዛሬም አትገባም። ውኃው ቢሸሽም ወሰኑ አልሸሸም እልሃለሁ።

ጡረተኛው_መምህር፦

ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼን «አምባ ምንድን ነው?» ስላቸው «ጫፉ ሜዳ የሆነ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ» ብለው ልክ ይመልሱልኝ ነበር። ግን ያ የድንጋዩ መልስ ነው። ግሸንን ውሰዱ። ያ መስቀል የመሰለ አምባ ለመካከለኛው ዘመን ነገሥታት እስር ቤት ነበር፣ ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ ልዑላን ተግዘው የሚኖሩበት። ግዞቱ በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አህመድ ጦርነት ጊዜ አከተመ። ዛሬ በመስከረም 21 ሕዝቡ ያንኑ ገደል በገዛ እግሩ እየዘመረ ይወጣዋል። ድንጋዩ አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰም።

መቅደላም እንደዚያው። ዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግ ነው ብለው መረጡት፣ በ1860 እንግሊዞች መድፍ በዝሆን ጭነው ደረሱበት። ላስታ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። ቅዱስ ላሊበላ የሮሃን ዓለት ፈልፍሎ ወንዙን ዮርዳኖስ አለው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጎልጎታ አለው። ሩቅ አገር መሄድ ላልቻለ ሰው ኢየሩሳሌምን ሰፈሩ ድረስ አመጣለት ማለት ነው። እንግዲህ ይህን በየትኛው ኮድ ታስገባዋለህ? (ቢሮህ ሳይቀልድ «ገላጣ ዓለት» ሊለው ይችላል።)

ወሎ የሚለው ስም ራሱ የዛሬውን መሬት ሁሉ ሁልጊዜ የሸፈነ አይደለም። ቤተ አምሐራ፣ አንጎት፣ ላስታ፣ ዋግ እየተባለ ነው የተኖረው። በኋላ የወሎ ጠቅላይ ግዛት እስከ አፋሩ አውሳ ደረሰ፣ አሁን ደግሞ በዞን ተከፋፍሏል። ስለዚህ ካርታ ሠሪ ሁሉ የዘመኑን ዓይን ነው የሚስለው፣ አንተም ጭምር።

ቀጥ_ያለው፦

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልረብሽ። ሁሉም ሰው አድባርና አምባ እያለ ተረት አደረገው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ በ1989 መሬት ሲከፋፈል ሕፃን ስለነበርኩ አልደረሰኝም። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ወጣት በሙሉ የአባቱን ጥማድ እየሸነሸነ ነው ያለው። እሱ ያንን ግራጫ ተራራ ሲያይ የሚታየው ንብ አይደለም። «ለምን ለኔ አይሰጠኝም?» ነው የሚለው። ተራራው ተከልሎ ከብት እንዳይገባ ሲደረግ ሣሩ ተመለሰ፣ ምንጩም ተመለሰ፣ ልክ ነው። ግን ፍየሏን የሸጠችው ድሃ ናት፣ አጭዶ ለመሸከም ጉልበት ያለው ደግሞ ተጠቀመ። ስለዚህ «የሕዝቡ አመለካከት» ስትሉ የየትኛው ሕዝብ?

ሌላው፣ «ወሎ ድሮ ደን ነበር፣ ገበሬው ጨረሰው» የሚሉትም ጥግ ይያዙ። ዶናልድ ክረሚ የሚባል የታሪክ ምሁር በጣሊያን ጊዜ የተነሱ የወሎ ፎቶዎችን ይዞ፣ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆሞ እንደገና አነሳቸው። በብዙዎቹ ላይ ዛፉ ጨምሮ ነው የተገኘው። አብዛኛው ገበሬው በገዛ እጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ አፈር ያደርቃል በሉ፣ እሺ። ግን ሰውየው መሬቱን አራቆተ ተብሎ ሲሰደብ የኖረው ሳር ቤቱን በቆርቆሮ የቀየረበትን ዛፍ እየተከለ ነው።

በ1977 ድርቅ ጊዜም «መሬቱ ሞቷል» ተብሎ ስንቱ የወሎ ሰው መተከልና ጋምቤላ ሰፈረ። መሬቱ ሞቷል ያለው ማን ነበር? ከሩቅ የሚያየው። ወደዚያ የሄደው ሰውም እዚያ ያለው መሬት «ባዶ ነው» ተብሎ ነው የተሰጠው፣ ባዶ አልነበረም፣ የሌላ ሰው ነበር። ግራጫ ቀለም ሰው ያፈናቅላል ጓዶች። ቀልድ አይደለም።

ሀረጎ_ቁልቁል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ያላችሁት ገብቶኛል። ቀጥ ያለው፣ ያንተ ነው ያስደነገጠኝ፣ ምክንያቱም ካርታው ለኢንቨስትመንት ቦታ መለያ እንደሚውል ሰምቻለሁ። «ጥቅም ላይ ያልዋለ» የሚለውን አጥፍቼ «ወል መሬት፣ በወቅት የሚያገለግል» ብዬ ልጽፈው አስባለሁ። ወሩንም ከጎኑ። ግን የንቡን ገደልና የሸክላውን ጉድጓድ ነጥብ አድርጌ ላስቀምጥ? ነጥብ ካደረግሁት ማንም ያየዋል፣ ካላደረግሁት የለም ይባላል።

እመ_አህመድ፦

የሸክላዋን ጉድጓድ ተዋት፣ የሴቶቹን ፈቃድ ሳትጠይቅ እንዳታስገባት። የግጦሹን ግን ጻፍ፣ በደንብ አድርገህ ጻፍ።

የመካነሰላሙ፦

እስማማለሁ። ግጦሹን ስትጽፍ ከየት እንደሚመጡና መቼ እንደሚመጡ ጨምርበት፣ ምክንያቱም ክረምት የሚገባውና በጋ የሚገባው ሰው አንድ አይደለም። ወደ ባቲ በኩልም የምትወርድ ከሆነ ለሰኞ ቤት ለቤት አትቅጠር። ሰኞ ገበያ ነው፣ ደገኛውም እህሉን ጭኖ፣ አፋሩም ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ እዚያው ነው የሚውለው። ይልቅ አንተም ገበያው ውስጥ ግባና ጠይቅ፣ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ በአንድ ቀን ታውቃለህ።

ቀጥ_ያለው፦

ስትጨርስ ደግሞ ካርታውን ለቀበሌው ሰው አሳየው፣ ቢሮህ ከመፈረሙ በፊት። በኋላ ከሆነ ዋጋ የለውም።