ሰኞ አራት አዲስ አስታማሚዎች ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ምን ላስተምራቸው?

ሲስተር ከመንደራ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። 19 ዓመት ዋርድ ውስጥ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎችን ቤታቸው እየሄድን የምናስታምምበት ትንሽ ሥራ ጀምረናል። ስትሮክ የመታቸው አሉ። ስኳር እግራቸውን የጎዳው አሉ። እርጅና ብቻ የጣላቸውም አሉ። እስካሁን ራሳችን ነበርን የምንሄደው። አሁን ግን የሚጠሩን ቤቶች በዙ። ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ቀጠርን፤ ሰኞ ይጀምራሉ። ሁለቱ ሰው ቤት ሠርተው ያውቃሉ። አንዷ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቷ ነው። ልጁ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ አያቱን እስኪያርፉ ድረስ ያስታመመው እሱ ነው።

ባልደረባዬ «ሁለት ቀን ክፍል ውስጥ አስተምረን እናሰማራቸው» ትላለች። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እናቴን ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አይታዘዝም። እኔ የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ በአንድ ድርጅት በኩል አስታማሚ ቀጠርን። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ሥራ አይሰለቻትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሥራ ስመለስ እናቴን ከአልጋ ስታነሳት ደረስኩ። ግራ እጇን ይዛ እየጎተተቻት ነው። እናቴ አንደበቷ ተይዞ ስለነበር አልጮኸችም። ፊቷ ብቻ ጭምድድ አለ። ከዚያ በኋላ ለወራት ትከሻዋ አላስተኛትም።

ልጅቷን «እንዲህ አድርጊ ብሎ ማን አሳየሽ?» አልኳት። «ማንም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በትዕግሥት ያዢያቸው ብለው አድራሻ ሰጡኝ» አለችኝና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በእሷ አልፈርድም። ስትሮክ የመታው ክንድ ጡንቻው ስለሚላላ ትከሻውን አጥብቆ የሚይዘው ነገር እንደሌለ በምን ታውቅ?

ያሰብኩት አንድ ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ቀን ላይ እያንዳንዳቸው አልጋው ላይ እንዲተኙ ነው። ግራ እጃቸውን በነጠላ እናስራለን። ግማሽ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ። ከዚያ ሌላው ሰው ያገላብጣቸዋል፣ በማንኪያ ውሃ ያጠጣቸዋል፣ ፊታቸውን ያጥባቸዋል። ሰው እጅ ላይ መውደቅ ምን እንደሚመስል በገላቸው ይወቁት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተ አግዙኝ። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ወይ ቤታችሁ አስታማሚ ያስገባችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ማንም ያልተናገረው ነገር ምን ነበር?

አስታማሚዋ

ሲስተር፣ እኔ በዚህ ሥራ አራት ዓመቴ ነው። ማንም ያልነገረኝ ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ነው።

ቆጪ አካባቢ አንድ አባባን አስታምም ነበር። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው። ክረምት ነው፤ የጅማን ክረምት ያውቁታል፣ ግቢው ሁሉ ጭቃ። ማታ እጃቸውን ይዤ ስንሄድ አዳለጣቸውና ወደቁ። ደነገጥኩ። በብብታቸው ገብቼ ብቻዬን አነሳኋቸው። ወገቤ ቀጭ አለ። እሳቸው «ደህና ነኝ ልጄ» አሉኝ። እኔም ለማንም ሳልናገር አደርኩ። በማግስቱ እግራቸውን መርገጥ አቃታቸው። ሐኪም ቤት ሲታዩ ዳሌያቸው ተሰብሯል።

እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። ሰው ይወድቃል። መደበቄ ነው የሚያቃጥለኝ። የደበቅኩት ደግሞ ስቀጠር «ለደረሰ ጉዳት ከደሞዜ ይቆረጥ» የሚል ወረቀት ፈርሜ ስለነበር ነው።

እባክዎ ለልጆቹ ይንገሩልኝ። የወደቀ ሰው ወዲያው አይነሳም። አጠገቡ ቁጭ ብለው የት እንዳመመው ይጠይቁት። አንዱ እግር ያጠረ መስሎ ወደ ውጭ ከዞረ አይንኩት። ብርድ ልብስ ያልብሱትና ይደውሉ። ደውለው እውነቱን ሲናገሩ ደግሞ እርስዎ አይቆጧቸው። ፖፖ ከምሽቱ ጀምሮ አልጋው ሥር ቢቀመጥ ኖሮ እኮ እኔና አባባ በዚያ ጭቃ ውስጥ ምን እናደርግ ነበር?

ጉልበት ያዥ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሲስተር፣ የእናትሽ ትከሻ ነገር በጣም ያሳዝናል፤ እንዲህ ዓይነት ትከሻ በተደጋጋሚ አያለሁ። ሥልጠናው ላይ ቢያንስ ግማሽ ቀን ለማንሳትና ለማስቀመጥ ስጪው። በወሬ የሚገባ ነገር አይደለም፤ እየሠሩ ነው የሚለመደው።

ከአልጋ ወደ ወንበር ስታዛውሩት ወንበሩ በጤነኛው ጎን በኩል ይሁን። ታማሚው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ፣ እግሮቹን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርግ። ከዚያ አፍንጫው ጉልበቱን እስኪያልፍ ድረስ ወደ ፊት ያጎንብስ። ያኔ ቂጡ ራሱ ይነሳል፤ ሸክሙ ግማሽ ይሆናል። አስታማሚዋ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ትቆማለች እንጂ ወገቧን አታጎብጥም። የደከመውን ጉልበት እንዳይከዳው በራሷ ጉልበት ደገፍ ታደርገዋለች። ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርና እሱ ይያዝ። ክንድ አይጎተትም፣ ብብትም አይያዝም። ልብስ ሲለብስ የታመመው እጅ ይቀድማል፣ ሲያወልቅ ጤነኛው ይቀድማል። ይቺን ብቻ እንኳ ቢይዙ ብዙ ትከሻ ይተርፋል።

የኛን ቤት ነገርም አትርሺ። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማችን የጅማ ኩራት ነው፤ እኔም ቤቴ አለኝ። ግን ስትሮክ የመታው ሰው አይቀመጥበትም። መደገፊያ የለውም፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ሚዛን ሲስት አብሮ ይገለበጣል። አንድ ቤት ስሄድ እናትየዋን ከአልጋ አውርደው በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዟቸው አገኘሁ። መደገፊያ ያለው ወንበር ሳሎን ውስጥ ተደርድሯል፤ ለእንግዳ የተቀመጠ ነው።

ከሚኒሶታ

እህቴ፣ ያደግኩት ጅሬን ሥር ነው። አሁን ያለሁት አሜሪካ ነው፤ ሥራዬም ይኸው ነው። እዚህ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፍለው ድርጅት ውስጥ ለመሥራት ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ግዴታ ነው። መጀመሪያ ቢያንስ 16 ሰዓት ክፍል ውስጥ ትማሪያለሽ፤ ከዚያ ቢያንስ 16 ሰዓት ነርስ ቆማ እያየችሽ በተግባር ትሠሪያለሽ። ከተቀጠርሽ በኋላም በየዓመቱ 12 ሰዓት አለ። ባልደረባሽ ያለችው ሁለት ቀን ቢበዛ 16 ሰዓት ነው፤ ያም ከክፍል ሳይወጡ።

ግን ከዚያ ሁሉ ሰዓት ዛሬም የሚጠቅመኝ አንድ ቀን ነው። አሠልጣኛችን አንድ ታማሚ ዘንድ ከወሰደችን በኋላ ያየነውን ጻፉ አለችን። እኔ «ደክሟቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ምን አይተሽ ነው?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ምሳቸውን ግማሽ አስቀርተዋል። ሽንታቸው ጠቁሯል። ሳናግራቸው ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው። «እሱን ጻፊ፤ ነርሷ የምትፈልገው እሱን ነው» አለችኝ።

ለልጆቹ አንዳንድ ደብተር ግዢላቸው። ታማሚው ቤት የሚቀር ይሁን። ስንት ሰዓት ላይ ምን በሉ፣ ምን ጠጡ፣ ሽንት ስንቴ፣ በየትኛው ጎን ተኙ። ተረኛ ሲቀያየር ርክክቡ በእሱ ይሁን።

ሒሳብ ሠራተኛ

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ለትንሽ ሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ እየከፈሉ ማሠልጠን ይከብዳል። ወር ሳይሞላ ዐረብ አገር ቢሄዱስ? ቢያንስ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ እሱም በጽሑፍ ካልሆነ አይቆጠርም።

የቦሳ ልጅ

ሲስተር፣ እኔ በቤተሰብ በኩል ያለውን ልንገርዎት። አባቴ አማርኛ አሳምረው ይናገሩ ነበር። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ግን አማርኛው ጠፍቶ አፋን ኦሮሞው ብቻ ቀረ። የተላከልን ልጅ ከሌላ አካባቢ የመጣ ነው። «ፊንጫን» ሲሉት ውሃ ያመጣላቸዋል። ሽንቴ መጣ ማለታቸው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አልጋቸው ላይ ረጠቡ። ልጁ ሽንት መያዝ አይችሉም ብሎ ዳይፐር አስገዛን። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከማንም ጋር አላወራም አሉ። ያወቅነው እህቴ ከአጋሮ መጥታ አጠገባቸው ስትቀመጥ ነው።

ሃያ ቃል በቂ ነው። ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ አንሱኝ። ጠዋት ሲገቡ «አካም ቡልተን» ቢሏቸው ራሱ ፊታቸው ይፈታል።

ሰላት ሲደርስ ደግሞ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይቅረብላቸው። አባቴ ተኝተው ነው የሚሰግዱት። ውዱእ ሳያደርጉ ግን እሺ አይሉም። ያቺን አሥር ደቂቃ ሥራ ማስፈታት አድርጎ የሚያይ አስታማሚ እኛ ቤት አልሰነበተም። ገላቸውን የሚያጥባቸውም ወንድ ቢሆን ይመርጣሉ፤ ልጁን መቅጠርዎ ጥሩ ነው።

ሲስተር ከመንደራ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ደጋግሜ ሳነበው አደርኩ።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ውሉን በጽሑፍ እናደርገዋለን። የሥልጠናውን ሳምንት ግን እንከፍላለን፤ ሰኞ ጠዋት የባጃጅ እንኳ የሌላትን ልጅ በነፃ ተማሪ ልላት አልችልም። ቢሄዱም ይሂዱ። የትም ቢሄዱ የሚያስታምሙት የሰው እናት ነው። ደግሞ አንድ የአልጋ ቁስል ከተከፈተ በኋላ ለመዝጋት ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ ስንት ፋሻና ስንት ገንዘብ እንደሚበላ ዋርድ ውስጥ ኖሬበታለሁ።

ስለ ቁስሉ ካነሳሁ አይቀር፣ ማክሰኞን ሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። መጻሕፍቱ «ቆዳው ከቀላ ተጠንቀቁ» ይላሉ። የኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃቸው ጀርባ እንዲዳስሱ አደርጋለሁ። መቀመጫ አጥንቱ ላይ፣ ዳሌው ላይ፣ ተረከዙ ላይ፣ የትከሻ አጥንቱ ላይ፣ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ትራስ በሚነካው ቦታ ላይ። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ቁስሉ ጀምሯል። በዚያ ጎን አይተኙም፣ ለእኔም ይደወላል። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ በጉልበቶቹ መሃል ትራስ፣ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር የታጠፈ ጋቢ። ብዙ ቤት ቫዝሊን ቀብቶ የጠቆረውን ቦታ አጥብቆ ማሸት የተለመደ ነው። ይጎዳል እንጂ አይረዳም። እሱን ለቤተሰቡም መንገር አለባቸው፤ በትሕትና፣ አክስትየዋ ስታሽ እጇን ሳይመነጭቁ።

ምግብም አለ። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ አገጭን ዝቅ፣ ትንሽ ትንሽ በማንኪያ፣ እስኪዋጥ መጠበቅ። ስትሮክ የመታው ሰው ከአጥሚት ይልቅ ውሃ ነው የሚያስለው፤ ቀጭን ስለሆነ ይቀድመዋል። ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ ያዘለ ከመሰለ ማጉረሱ ይቁም። በደከመው ጉንጭ ውስጥ የቀረ ምግብ እንዳለ ይታይ። ከበላ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኛም።

ስኳር ያለበት ሰው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ማየት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም። ለአምቡላንስ 907፣ ለእኔ ወዲያው ቀጥሎ። የሁለቱንም ቁጥር ትልቅ አድርጌ ጽፌ በየቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ።

አስታማሚዋ፣ የጻፍሽውን ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከውላችን ውስጥ «ጉዳት ከደረሰ ይቆረጣል» የሚል መስመር ነበር፤ ከሌላ ቦታ እንዳለ የገለበጥነው ነው። ትናንት ማታ አወጣነው። ፖፖ ደግሞ የዕቃው ዝርዝር ላይ ገብቷል። አባባን እያሰብሽ ራስሽን አትጉጂ። ሰኞ ከተመቸሽ ነይና ለልጆቹ አንቺው ንገሪያቸው። የቀን አበልሽን እንከፍላለን።

የቦሳ ልጅ፣ ሃያዎቹን ቃላት ብትጽፍልኝ? እኔ እሰማለሁ እንጂ አጣርቼ አልናገርም፤ የባጃጁ ልጅ ጥሩ ይናገራል፣ እሱ ያስጠናቸዋል።

ሐሙስና ዓርብ ከእኛ ጋር ታማሚ ቤት ይገባሉ። ሐሙስ እኛ እንሠራለን እነሱ ያያሉ፤ ዓርብ እነሱ ይሠራሉ እኛ እናያለን። እጇ ያልረጋ ካለች ሌላ ሳምንት አብራኝ ትዞራለች።

ጉልበት ያዥ፣ ረቡዕ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ይመችህ ይሆን? እኛ ቤት ነው። እናቴን ጠይቄያት እሺ ብላለች። አሁን ቀስ ብላ ትናገራለች። በቀኝ እጇ ግራ እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ይቺን እንዳይስቧት፣ እኔው አሳያቸዋለሁ» አለችኝ።

ጉልበት ያዥ

ረቡዕ 8 ሰዓት እመጣለሁ። መደገፊያ ያለው ወንበርና አንድ ጠንካራ መቀነት አዘጋጂ። እናትሽ እንዳይደክማቸው መጀመሪያ በእኔ ይለማመዱ፤ እሳቸው ጋ በመጨረሻ እንሄዳለን።