ለቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የትኛው የስፌት መኪና ይሻለኛል?

ጥያቄ (የቤት እመቤት፣ ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከልብስ ሰፊዎች የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምኩ፣ መሃሉ ላይ ባዘቶ፣ ከሥሩ ገበር አድርጌ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ። እስካሁን የሠራሁት በእጄ ነው፤ የሚያዙኝ ሰዎች ስለበዙ ግን መኪና ልገዛ ነው። ጎረቤቴ በእግር የሚረገጥ ጥቁር ሲንጀር ትሸጣለች። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ብዙ ዓይነት ጥልፍ የሚያወጣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አይቻለሁ። አሜሪካ ያለችው አክስቴም የራሷን ልትልክልኝ ፈቃደኛ ናት። ሦስት ድርብ ጨርቅ ሳያንገራግር የሚሰፋው የትኛው ነው? በሰፈሬ መብራት ስለሚጠፋ እሱንም አስቡልኝ።

መልስ (ልብስ ሰፊ፣ መርካቶ)፦
ልጄ፣ ሲንጀሩን ግዢ። ለብርድ ልብስ የሚያስፈልግሽ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው፤ በጥልፍ ብዛት አትታለዪ። የድሮው መኪና አካሉ ብረት ስለሆነ ወፍራም ጨርቅ ሲገባበት አይንቀጠቀጥም፤ መብራት ቢጠፋም ሥራሽ አይቆምም።

ነገር ግን ሳትፈትሺ ገንዘብ አትክፈዪ። መዘውሩን በእጅሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው፤ መሃል ላይ የሚይዝ ከሆነ ተዪው። መርፌ የሚታሰርበትን ዘንግ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጊው፤ ከተላወሰ ስፌት ይዘላል። ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን የመኪናውን እግር አንሥተሽ ከሥሩ ጨርቅ የሚስቡትን ጥርሶች በጣትሽ ዳብሺ፤ ጫፋቸው ሊቧጭርሽ ይገባል። ከለሰለሱ አልቀዋል፣ ብርድ ልብስ አይጎትቱም። የላላ ቺንጊያ አያስፈራሽ፣ በቀላሉ ይቀየራል። የራስሽን ሦስት ድርብ ቁራጭ ይዘሽ ሂጂና እፊትሽ ይሰፋ፤ ከዚያ ገልብጠሽ ገበሩን እዪ። ከሥር ክሩ ከተንዘላዘለ የላይኛው ክር ላልቷል ማለት ነው፤ እሱ ይስተካከላል።

መልስ (ብርድ ልብስ ሰፊ)፦
በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። ሦስት ድርብ ሲሰፋ ግን ጥርሶቹ የሚስቡት የሥረኛውን ስለሆነ የላዩ ጨርቅ ወደ ኋላ እየቀረ ይሸበሸባል። የራሱ ጥርስ ያለውና የላዩንም ጨርቅ አብሮ የሚያራምድ ልዩ እግር አለ። ጅማ ካጣሽው፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው የመኪናሽን እግር ፈትተሽ ለናሙና ስጪው፤ ማሰሪያው ከመኪና መኪና ስለሚለያይ በግምት አይገዛም።

ከመርፌው በስተቀኝ ያለውን ክፍት ቦታም ለኪ። የተጠቀለለው ብርድ ልብስ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ እሰየው፣ ከ15 ካነሰ ለትልቅ አልጋ ትቸገሪያለሽ። ቁርጥራጩን ስትገጣጥሚ 11 ወይም 12 ቁጥር መርፌ፣ ሦስቱን ስትደርቢ 14 ወይም 16 ተጠቀሚ፤ ያኔ ስፌቱንም ወደ 3 ሚሊ ሜትር አርዝሚው። ድርቦቹን አስቀድመሽ በመርፌ ቁልፍ አያይዢና ከመሃል ወደ ዳር ስፊ። ባዘቶ ስለሆነ መስመሮቹን አቀራርቢ፤ አለዚያ ሲታጠብ ይጓጉላል።

መልስ (የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ)፦
የአክስትሽ መኪና ከመላኩ በፊት ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታ ትላክልሽ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካሽው ሞተሩ ይቃጠላል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻውን ቮልት አይቀንስም። ሲንጀሩን ከገዛሽ ደግሞ ወደፊት ከጎኑ ትንሽ ሞተር ማሳሰር ትችያለሽ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄጄ ፈተሽኩት። መዘውሩ ይዞራል፣ ጥርሶቹም ስለታም ናቸው። ግን ክረምቱን በረንዳ ላይ ስለከረመ ከመርፌው ሥር ያለው የብረት ሳህንና የታችኛው ክር የሚገባበት ቤት ዝገዋል። ጋሼ፣ ልተወው?

መልስ (ልብስ ሰፊ፣ መርካቶ)፦
በጅማ እርጥበት ያልዛገ መኪና ከየት ይመጣል? የሳህኑን ዝገት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረጊው፤ እሳት አጠገብ ግን አይሁን። ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት አድርጊበት፤ የምግብ ዘይት እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ አይሆንም። የታችኛውን ክር ቤት ግን ፈትተሽ፣ ክር የሚያንሸራትተውን ጠርዝ በጥፍርሽ ሂጂበት። ጥፍርሽን ካልያዘው ግዢው። ከያዘው ክር ይበጥሳል፤ ያንን መለዋወጫ የምትገዢበትን ጎረቤትሽ ከዋጋው ላይ ትቀንስልሽ።