ጤፍ የሌለበት እንጀራ «እንጀራ» ሊባል ይገባዋል?

መነሻ ጥያቄ፦ ከአገር ውጭ በስንዴ፣ በገብስና በሩዝ ዱቄት እየተጋገረ የሚሸጠው እንጀራ ስሙን ይዞ ይቀጥል ወይስ ሌላ ስም ይውጣለት?

ከአዲስ አበባ፦ እኔ ሌላ ስም ይውጣለት ባይ ነኝ። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ልጄ ዘንድ ሄጄ የቀረበልኝ ዓይኑ ሲያዩት ያምራል፤ ሲቆርሱት ግን ይፈረፈራል። ወጡን ሳያነሳ እጄ ላይ ቀረ። ኮምጠጥ ማለት የሚባል ነገርም አልነበረውም። እዚያ የሚወለዱ ልጆች እንጀራ ማለት ይህ ነው ብለው ሲያድጉ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ እናቴ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ጥፋቱን ግን በእህሉ ላይ አይጣሉት። ቋንቋችን ራሱ የጤፍ እንጀራ፣ የማሽላ እንጀራ፣ የገብስ እንጀራ እያለ ይለያል። ሐረርጌ በማሽላ እንጀራ ያደገ ሰው እንጀራ አልቀመሰም ሊባል ነው? ፎገራ ላይስ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገር የለም? እርስዎ የበሉት ላይ የጠፋው እርሾው ነው። ቤኪንግ ፓውደር የገባበት ዱቄት ተበጥብጦ በዚያው ሰዓት ምጣድ ላይ ሲፈስ ዓይን ያወጣል፤ ግን አልቦካምና አይኮመጥጥም።

በመጣሁበት ዓመት በዚያ ብርድ ሊጤ አራት ቀን ሙሉ አልቦካ አለኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ማሞቂያው አጠገብ አሳደርሁት። በአምስተኛው ቀን ላዩ ላይ ውኃ ቋጠረ። ውኃውን ቀነስሁ፤ ከሊጡ ጥቂት ወስጄ በፈላ ውኃ አብሲት ጣልሁና መልሼ ደባለቅሁት። ግማሹ ገብስ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ክዳን ስከፍተው የወጣው ሽታ የእናቴ ማጀት ሽታ ነበር፤ ቆሜ አለቀስሁ። ያንን እንጀራ ስም ልንነሳው ነው?

ደግሞም ገብስና ስንዴ የቀላቀልነው ወደን አይደለም። አገራችን በ2006 እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር። እዚህ አሜሪካ አይዳሆ በሚባለው ግዛት ውስጥ ጤፍ ይበቅላል፤ ዋጋው ግን ከስንዴ ጋር አይወዳደርም።

ከእስራኤል፦ በስሙ ላይ አልከራከርም። ልጄ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማው ሕመም አለበት፤ ጤፍ ደግሞ ይህ የለበትም። አንድ ምግብ ቤት «ንጹሕ ጤፍ ነው» ብሎ የሸጠልን እንጀራ ገብስ ነበረበት። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ አደረ። እንጀራ ይበሉት፣ ግን ምን ምን እንደገባበት ማሸጊያው ላይ ይጻፉ!

ከአዲስ አበባ፦ ለልጅዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድለት። መጻፍስ ግዴታ መሆን አለበት። የዋሽንግተኗ ልጄ፣ በእህሉ ነገር አሸንፈሽኛል። ያልቦካውን ግን እንጀራ አልለውም፤ ስም ደግሞ ከጥንትም አለው፦ ቂጣ ነው።