የኤፍ5 ማኔጅመንት አይፒ ቀየርኩ፣ ከቅርንጫፍ ይከፍታል ከራሴ ጠረጴዛ ግን እምቢ አለኝ

ኬብል ጎታች፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ኤፍ5 ቢግ-አይፒ ሎድ ባላንሰር (ትራፊክን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍል ማሽን) አሉን፣ አንዱ አክቲቭ አንዱ ስታንድባይ፣ ፊታቸው ላይ ትንሽዬ ኤልሲዲ ያላቸው የድሮዎቹ ናቸው። ማኔጅመንታቸው (እኛ የምናስተዳድርበት አድራሻ) እስከዛሬ ከአድሚን ሰርቨሮቹ ጋር ተደባልቆ 10.10 ላይ ነበር፣ ኦዲት መጣና ለብቻው ይውጣ ተባለ፣ 10.20.30.0/24 የሚባል አዲስ ቪላን (ስዊቹ ላይ ለብቻው የተለየ ኔትወርክ) ተከፈተልኝ። ቅዳሜ ማታ ሰው በሌለበት በስታንድባዩ ልጀምር ብዬ በዌብ ገጹ ሲስተም፣ ፕላትፎርም ገባሁና አይፒውን 10.20.30.11፣ ማኔጅመንት ሩቱን 10.20.30.1 አድርጌ አፕዴት አልኩ፣ እንደጠበቅኩት ተቋረጠ፣ የስዊቹን ፖርትም ወደ አዲሱ ቪላን አዞርኩት። ላፕቶፔን እዛው ስዊች ላይ ሰክቼ 10.20.30.50 ስሰጠው ይከፍታል፣ ፒንግም ይመልሳል። ጠረጴዛዬ ጋ ስመለስ ግን (10.20.5.44 ነኝ) ድምፁም የለ። ፋየርዎሉ ላይ የኔ ፓኬት ሲያልፍ ይታየኛል፣ መልስ የሚባል ነገር ግን አይመለስም። የሚገርመው ቅርንጫፍ ያለው ልጅ ከ172.16 ሞክሮ ወዲያው ተከፈተለት!! ኮንሶልም ሰክቼ ነበር፣ ፑቲ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ምልክትና ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው፣ ኬብሉ ነው ፖርቱ ነው የሞተው አላውቅም። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ምን ያስለፋሃል፣ ሰልፍ አይፒው (ማሽኑ ትራፊኩ በሚያልፍበት በኩል ያለው አድራሻ) ላይ 443፣ የዌቡን ፖርት፣ ክፈትና በዛ ግባ» ይለኛል። ምን ትላላችሁ፣ ሰኞ አለቃዬ ሳይመጣ መጨረስ አለብኝ።

የማታ ፈረቃ፦
ኬብልህ ደህና ነው ወንድሜ፣ ፍጥነቱ ነው። ኤፍ5 ኮንሶሉ ከፋብሪካ ሲወጣ 19200 ነው፣ አንተ እንደለመድከው 9600 አድርገኸዋል መሰለኝ፣ ፑቲው ላይ 19200 አድርግና ኢንተር ምታ ሎጊን ይልሃል። እኔ በዚህ ነገር ሙሉ ሌሊት ኬብል ስቀያይር አድሬ ጠዋት ነው የገባኝ 😂 ስለ ዋናው ጉዳይ ግን ጌትዌዩን ድጋሚ እየው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይፒው ይቀየርና ሩቱ የድሮው ላይ ይቀራል።

ኬብል ጎታች፦
ኡፍ ተባረክ፣ 19200 ሳደርገው ገባ። ሩቱን አየሁት ትክክል ነው፣ 10.20.30.1 ይላል። ደግሞስ ሩቱ ቢሳሳት ከቅርንጫፍ እንዴት ይከፍታል?

ጋሽ ራውተር፦
ልጄ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ከሩቅ ይከፍታል፣ ከአጠገቡ ይከፍታል፣ 10.20 በሚል ከሚጀምር ሌላ ሰፈር ግን አይከፍትም። ማስኩን፣ ማለትም የትኛው አድራሻ እዛው ጎረቤት እንደሆነ ለማሽኑ የሚነግረውን፣ እየው። የድሮው ኔትወርክ 255.255.0.0 አልነበረም እንዴ? አይፒውን ቀየርክ ሩቱን ቀየርክ፣ ማስኩን ግን እንዳለ ትተኸው ከሆነ ማሽኑ 10.20 የሚባለው ሁሉ እዛው ቪላን ላይ አብሮት ያለ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ላንተ ሲመልስ ወደ ጌትዌይ አይሄድም፣ «10.20.5.44 ማነው» እያለ በአርፕ ይጮሃል፣ አንተ ደግሞ ሌላ ቪላን ላይ ስለሆንክ አትሰማውም። 172.16 ግን በየትኛውም ማስክ ሩቅ ነውና በጌትዌይ ይሄዳል። ለማረጋገጥ በኮንሶል ገብተህ በማኔጅመንቱ ኢንተርፌስ ላይ አርፕ ብቻ ለይተህ ቲሲፒደምፕ (ፓኬት መመልከቻው) አድርግ፣ ከዛ ከጠረጴዛህ ፒንግ አስጀምር።

ኬብል ጎታች፦
ጋሼ እጅ ነስቻለሁ!! ልክ እንዳሉት ነው፣ «ሁ-ሃዝ 10.20.5.44 ቴል 10.20.30.11» እያለ በየሰከንዱ ይደረድረዋል፣ መልስ የሚሰጠው የለም። ሊስት ሲስ ማኔጅመንት-አይፒ ስለው መጨረሻው ላይ /16 (ያው 255.255.0.0) ተጎልቶ ቁጭ ብሏል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፋየርዎል ላይ ሩል ስጨምር የነበርኩት ሰውዬ አሁን ማን ፊት ልቁም። በ/24 ቀየርኩት፣ ከጠረጴዛዬ ተከፈተ።

የማታ ፈረቃ፦
ሃሃሃ ጋሼ እንደዚህ ናቸው። በቲኤምኤስኤች (የኤፍ5 ኮማንድ መስመር) ከቀየርከው ግን ሴቭ ሲስ ኮንፊግ ማለትህን እርግጠኛ ሁን (ትእዛዙን በኛ ፊደል የምጽፈው ስልክ ላይ ስለሆንኩ ነው ታገሱኝ)። በዌብ ሲሆን ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ በኮማንድ ግን ሴቭ እስክትል የሚኖረው ራኒንጉ ላይ ብቻ ነው። አንዴ እኛ ጋ እንደዛ ተረስቶ ከወራት በኋላ ራክ ሲዘዋወር ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳና ወደ ድሮ አይፒው ተመለሰ፣ ያ አይፒ ደግሞ እስከዛ ለፕሪንተር ተሰጥቷል፣ የሆነውን አስቡት።

ሊኑክስ በርበሬ፦
ስለ ሰልፍ አይፒው ያነሳኸው እንዳይረሳ። በጭራሽ አትክፈተው፣ ጓደኛህ ወዶህ ነው ግን ምክሩ ክፉ ነው። ማኔጅመንት ፖርቱ የሚተዳደረው በሊኑክሱ ነው፣ ሰልፍ አይፒ ግን ትራፊኩን በሚያስተላልፈው ቲኤምኤም ላይ ነው ያለው፣ እሱ ላይ 443 ከፈትክ ማለት የአስተዳደሩን ገጽ ደንበኛ በሚያልፍበት በር ላይ ሰቀልከው ማለት ነው። በ2020 የወጣው ሲቪኢ-2020-5902 የሚባለው የደህንነት ቀዳዳ ያለ ፓስዋርድ ኮማንድ የሚያስኬድ ነበር፣ ክብደቱ ከ10 አስር ነው የተሰጠው፣ በ2022 ደግሞ 1388 የሚባለው በአይኮንትሮል ሬስት (የኤፍ5 ኤፒአይ) በኩል መጣ፣ እሱም 9.8። ሁለቱም የሚያጠቁት ማኔጅመንት ፖርቱ ወይም ሰልፍ አይፒው የሚደረስበትን ማሽን ነበር። ሰልፍ አይፒው ላይ የትኛው ፖርት እንደሚከፈት የሚወስነውን ፖርት ሎክዳውኑን አላው ነን አድርገው፣ አላው ዲፎልት የሚለው ስሙ ያታልላል እንጂ 22ንም 443ንም ይከፍታል። ሁለቱ ማሽኖች እርስ በርስ የሚገናኙበት የኤችኤ ቪላን ላይ ብቻ እንዳለ ተወው፣ እሱን ደፍነህ ሲንኩ (የሁለቱ ኮንፊግ መመሳሰል) ቢሰበር እኔን እንዳትረግመኝ።

ኬብል ጎታች፦
ገባኝ፣ ጓደኛዬንም ይሄን ፖስት አስነበብኩት፣ ዝም ብሏል። አሁን ሌላ ነገር መጣ፣ የሎግ ሰርቨራችን 10.10.8.20 ነው፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ከዚህ ማሽን አንድ መስመር ሎግ አልደረሰውም። ፋየርዎሉ ላይ ከ10.20.30.11 ወደሱ የሚሄድ አንድም ፓኬት የለም፣ የታገደም የለም፣ ጭራሽ አይወጣም ማለት ነው?

ጋሽ ራውተር፦
ይወጣል፣ በሌላ በር ነው የሚወጣው። ድሮ ማኔጅመንቱና ሎግ ሰርቨሩ አንድ ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ በቀጥታ ይገናኙ ነበር፣ አሁን ተለያዩ። ማሽኑ ራሱ የሚያስነሳውን ነገር፣ ሲስሎግ በለው ሰዓት መጠየቂያው ኤንቲፒ በለው፣ ከየትኛው አይፒ እንደሚወጣ ካልተነገረው የቲኤምኤሙን ሩት ያስቀድማል፣ እዛ ዲፎልት ሩት ስላለ የማኔጅመንቱ ዲፎልት ተራ አይደርሰውም። አንተ ከጠረጴዛህ ስትገባ የሚመለሰው መልስ ግን ከማኔጅመንት አይፒው ስለሚነሳ በማኔጅመንቱ ይወጣል፣ ለዛ ነው አንዱ ሰርቶ አንዱ የማይሰራው። መፍትሔው ለዛ ኔትወርክ ብቻ ለይተህ ማኔጅመንት ሩት መስጠት ነው፦ ክሪኤት ሲስ ማኔጅመንት-ሩት ሎግኔት ኔትወርክ 10.10.8.0/24 ጌትዌይ 10.20.30.1። ኤንቲፒና ኤልዳፕ (የተጠቃሚ ማረጋገጫው) ሌላ ቦታ ካሉህ ለነሱም እንደዛው። እንዳትሞክር የምልህ ደግሞ ይሄ አዲሱ 10.20.30 ላይ ሰልፍ አይፒ መጨመርን ነው፣ አንድ ኔትወርክ በሁለት በር ሲሆን ማሽኑ በየቱ እንደሚወጣ ስታሳድድ ትከርማለህ።

ዱባይ ላይ ያለሁ፦
ኔትስኬለር (ሌላው ሎድ ባላንሰር) ያላችሁ ይሄን እያነበባችሁ እንዳትሳሳቱ፣ እዛ ማኔጅመንት አይፒው ኤንኤስአይፒ ነው የሚባለው፣ ከፋብሪካ 192.168.100.1 ይዞ ይመጣል (የኤፍ5ው 192.168.1.245 ነው)፣ ኮንሶሉም እዛ 9600 ነው። ኤንኤስአይፒውን ከቀየራችሁ ሴቭ ብላችሁ ሪቡት ይፈልጋል፣ ስለዚህ በስራ ሰዓት አትንኩት። ላብ ላይ ደግሞ ቨርቹዋሉን ኤፍ5 የምትጠቀሙ ማኔጅመንት-ዲኤችሲፒውን ዲሴብል ሳታደርጉ አይፒ አትስጡት፣ በዲኤችሲፒ ነው የሚነሳው።

ኬብል ጎታች፦
ሎጉ ገባ፣ ሰዓቱም ተስተካከለ። አክቲቩን ከመንካቴ በፊት ግን ልጠይቅ፣ ማኔጅመንቱን ስቀይር ትራፊክ ይቋረጣል? እሱ ከተቋረጠ እኔም አብሬ ነው የምቋረጠው።

የማታ ፈረቃ፦
ትራፊኩ በቲኤምኤም ስለሆነ ማኔጅመንቱ ቢቀየር አይሰማውም። ግን ፌይልኦቨሩ (አንዱ ሲሞት ሌላው የሚተካበት) በምን እንደሚተያይ መጀመሪያ እየው፣ ዲቫይስ ማኔጅመንት ውስጥ ፌይልኦቨር ኔትወርክ የሚለው ላይ። ማኔጅመንት አድሬስ ብቻ ከሆነ ያለው አሁን አንዱ 10.20.30 ላይ አንዱ 10.10 ላይ ስለሆኑ የልብ ትርታው በፋየርዎል አቋርጦ ነው የሚሄደው፣ ዩዲፒ 1026 ካልተፈቀደ ሁለቱም ጓደኛዬ ሞቷል ብለው አክቲቭ ይሆናሉ፣ የዛን ጊዜ ነው ጉዱ።

ኬብል ጎታች፦
አየሁት፣ የኤችኤ ቪላኑ ሰልፍ አይፒም ማኔጅመንቱም ሁለቱም አሉ፣ ለዛ ነው እስካሁን የተረፍኩት። ሆኖም 1026ን በሁለቱም አቅጣጫ አስፈቀድኩና ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ቀየርኩት። ማስኩን ሦስቴ ነው ያየሁት። አንዱ አክቲቭ አንዱ ስታንድባይ፣ ሲንኩም አረንጓዴ። ጋሼ አዲስ አበባ ካሉ ቡና በእኔ ነው፣ ቦታውን እርስዎ ይምረጡ።